ከበሩ ወዲህ

ስሜ ልክየለሽ ነው፥ ሥራዬ ግን ልኬት፤
ከቸርቸል ጎዳና ገባ ብሎ ካለ፥ ከአንድ መሥሪያ ቤት፤
ባንድ እጄ መፈተሻ፥ ባንድ እጄ መዝገብ፥
ጢጥ ያለውን ሁሉ ሳስቆም፥ ስሰበስብ፥
ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ።

ወንበሬ ሥር አለች አንዲት ባለ ቁልፍ መሳቢያ፤
ደብር ይመስል፥ የስለት ማስገቢያ።
የብርቱካን ቢላ፥ ከአዟሪ ልጅ የቀረ፥
የጫማ ሰፊ ጉርድ፥ በከመነዳሪ የታሰረ፥
አንድ ሞልቃቃ ሴንጢ፥ መቀስም ጥርስም ያለው፥
ጌታው ግን «የቁልፍ መያዣ ነው» የሚለው።
ሁሉም ቁጥር አለው፤
ቁጥሩን መልሶ ነው ማታ የሚወስደው።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ አቶ ወልደየስ መጡ፤
በጋዜጣ የተጠቀለለ እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ሰላምታ ሰጡ።
«ምንድን ነው አባቴ?»
«ጎራዴ ነው ልጄ፤ የነፍስ ኄር አባቴ።
ሕግ ወጣ ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ፤
ይያዝ እንደሁ፥ አይያዝ፥ ልጠይቅ መጣሁ።
ወረዳው ክፍለ ከተማ፥ እሱም ወደዚህ ላከኝ፤
ትናንት ባዶ እጄን ብመጣ፥
ሦስተኛ ፎቅ ያለው ልጅ ‹ሳናየው አንመልስም፥ ይዘውት ይምጡ› አለኝ።»

ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ፥ ራሴ በፕላስተር የለጠፍኩት፥
ማኅተም ያረፈበት፥
«ስለት ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል።
እላይ ቤት፥ «ካላመጡት አናይም»፤
እታች ቤት፥ «ካመጡት አይገቡም»፤
ሕግ ለካ ፎቅ አለው፤
ሊፍቱ ነው የማይሠራው።

መሳቢያው ውስጥ ይቆይ ብል፥ መሳቢያዬ አጠረ፤
ጎራዴው እንደ ጌታው፥ ሳይታጠፍ የኖረ።
ሰልፉ ረዘመ። ባለ ክራቫቱ ሰዓቱን ያያል፤
ከወዲያ ማዶ ወያላው «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል።

በአራተኛው ጥሪዬ፥ ብዕር ጆሮው ላይ ሰክቶ፥
ቸሩጌታ ወረደ፥ ቅጹን ባገልግል አጥፎ እንደ ቆሎ ቋጥሮ።
«ርዝመቱ ስንት ነው?» አለ። ማስመሪያ ግን የለውም።
አንዲት ልብስ ሰፊ ከሰልፉ መሀል
ሜትሯን ካንገቷ አውልቃ አቀበለችን።
«ይመዘዝ!» ሲል፥ ሰልፉ ሁለት እርምጃ ሸሸ።
አቶ ወልደየስ አፎቱን በጉልበት፥ እጀታውን በእጃቸው ይዘው ሳቡ።
ምንም።
ደግመው ሳቡ።
ምንም።
አፎትና ስለቱን ዝገት አጋብቷቸው፥
ልደታ ያለ ዳኛ እንኳ አያፋታቸው።
«ሠላሳ ዓመት ሆነው» አሉ፥ «ካልተመዘዘ፤
እኔም አላዘዝኩት፥ እሱም አልታዘዘ።»

ቸሩጌታ ቅጹን ገለበጠ፥ መልሶ ገለበጠ፤
ለማይመዘዝ ጎራዴ የሚሆን ሳጥን ታጠ።
«ኃላፊው ሐሙስ ይገባሉ» አለ፤ «እስከዚያ ቤትዎ ያኑሩት፤
ብቻ አደራ፥ መንገድ ላይ አይያዙት።»
«ታዲያ በምን ቤቴ ይግባ፥ መንገዱን ሳልሄድበት?»

የሚመልስ ጠፋ።
ጋዜጣውን ደግሜ ጠቀለልኩላቸው፤
ከመመሪያው ጥግ ፕላስተር ልጬ አሰርኩላቸው።
ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ በአንድ ጆሮው ተንጠልጥሏል።

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ መሳቢያዬ ባዶ፥
ሁሉም ቤቱ ገብቷል፥ ስለቱን ወስዶ።
ከለገሃር ወደ ቂርቆስ አንድ ቅያስ አለ፤
ምሰሶው ቆሟል፥ አምፖሉ የለ።
እዚያ ስደርስ እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ይገባል፤
ከመታወቂያዬ ጎን፥ ከመሐረቤ ሥር፥
አንዲት ሴንጢ አለች።
ጣት ብታህል ነው።
ግን ዘይት እቀባታለሁ። ግን ትመዘዛለች።
ቁጥር የላትም፥ መዝገብ አያውቃትም።
ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይመጣ፥
መፈተሻውን አንስቼ በራሴ ቦርሳ ላይ አሳልፈዋለሁ፤
ጢጥ ይላል።
ዙሪያዬን አይቼ አጠፋዋለሁ።

ሐሙስ ኃላፊው ሲገቡ፥ ከአቶ ወልደየስ ኋላ ተሰልፌ
እጠይቅ ይሆናል፥
«አንዲት ሴት፥ ለጨለማ መንገድ፥ ብትይዝስ?» ብዬ፤
የሰው አስመስዬ።